ሰሌዳው አይገለበጥም

ሽታዬ አስናቀው ትምህርቷን ያቋረጠችው አራተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት፣ ልጆቿን ቤቷ ውስጥ ማስተማር መጀመሯን ሲሰማ ፊቱን ዘወር አድርጎ ፈገግ ይል ነበር። እሷም ታውቃለች። «ይሳቁ» ትል ነበር፤ «ጥርስ ያለው ይሳቅ። ልጆችሽን ላስተምርልሽ ብሎ የመጣ ግን የለም።» እውነቷን ነው፤ አንድም አልመጣም።

ቤቷ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። የበኩር ልጇ ምስጢር በሰባት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ተመዘገበች። ወር ሳይሞላት መንገዱ ተዘጋ፣ መምህራኑ ወደ ከተማ ወረዱ፣ ትምህርት ቤቱም ተቆለፈ። ለገና ይከፈታል ተባለ። ለፋሲካ ይከፈታል ተባለ። አገሩ ሁሉ ሲጠብቅ ክረምት ገባ። ሽታዬ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ወጥ እስኪበስል እንኳ ድስቱን አሥር ጊዜ የምትከፍት ሴት ናት። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ሲጠባ ባሏን ሰጠኝን ወደ ገበያ ሲወጣ ይዛ አቆመችው።

«አንድ የንባብ መጽሐፍ ይዘህልኝ ና» አለችው።

«ማን ሊያነበው?»

«እኔ ላነበው።»

ሰጠኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ማብዛት ግን አይወድም። መጽሐፉን አመጣላት። የሁለተኛ ክፍል አማርኛ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ከመሀሉ ሦስት ቅጠል ጎድሏል። ደብተርና እርሳስ መግዛት ትዝም አላለው፤ እሷም አልጠየቀችው። የቀረውን ከቤቷ አወጣችው። ሰፌድ ላይ አመድ በስሱ ነስንሳ በጣት መጻፊያ አደረገችው፤ ሲሞላ ሰፌዱን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ እንደገና ይጻፍበታል። መደመርና መቀነስ በባቄላ ሆነ። የሁለት ማባዛት በዶሮ እግር፣ የአራት ማባዛት በበግ እግር ተቆጠረ። በጎቹ ጠዋት ከበረት ሲወጡ ምስጢር በሩ ላይ ቆማ የእግራቸውን ብዛት ካልተናገረች ቁርስ የለም። ታናሿ ናዝራዊት ገና አምስት ዓመቷ ነበር፤ የእሷ ትምህርት የመደመሪያውን ባቄላ መብላት ነበር።

ንባቡ ደግሞ እንዲህ ነበር። ከብቱ ከተሰማራ በኋላ ሽታዬ መደቡ ላይ ትቀመጥና ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በስንደዶ እየጠቆመች ታነባለች። በአገሩ ደንብ ልጅ ከታላቁ ጎን ትከሻ ለትከሻ አይቀመጥም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ምስጢር ከመደቡ ሥር ቁርበት ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ ስንደዶውን በዓይኗ እየተከተለች ታነባለች። ሽታዬ ራሷ የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ስንደዶዋን እዚያው አቁማ ፊደሉን አንድ በአንድ ትገጣጥማለች። ልጅቱም እናቷ እስክትደርስበት ዝም ብላ ትጠብቃታለች። ከጊዜ በኋላ የምትጠብቀው እናትየዋ ሆነች።

በዓመቱ መጨረሻ ምስጢር መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። አመዱም ላይ ያዘዟትን ቃል ሁሉ ትጽፋለች፤ እናቷ ከመደቡ ላይ ቁልቁል እያየች «ሸጋ ነው» ትላታለች። ሰጠኝ እንኳ ሰው ቤት ሲመጣ «እስቲ አንብቢላቸው» ማለት ጀመረ፤ እሷም እንደ ወትሮው ከእናቷ ጉልበት ላይ ታነብላቸዋለች። እንግዳው ሁሉ ማንበብ የማይችል ስለነበር ሁሉም አደነቀ።

በነሐሴ የሰጠኝ እህት እስከዳር ስልክ ደወለች። እስከዳር ከተማው ዳር፣ ፀዳ በሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ የምታጥብ ብቸኛ ሴት ናት። በሰፈሯ ያለው ትምህርት ቤት ከተዘጋ አገር የመጡትንና ሰነድ የሌላቸውን ልጆች እየፈተነ በሚመጥናቸው ክፍል ይቀበላል፤ ልጅቱ ከእኔ ዘንድ ሆና ትማር አለች። ሰጠኝ ሲያስብ ዋለና ማታ ተናገረ።

«ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ነው። እኩዮቿ ሦስተኛ ክፍል ናቸው። ሦስተኛ ከተቀበሏት እህሉን እኔ እየላክሁ ትማር። አንደኛ ካሏት ግን ይዘሻት ተመለሽ። ከጨቅላ ጋር ተደርድራ ከምትሳቅባት እዚሁ ትርዳሽ።»

ሽታዬ ባሏን ታውቀዋለች። አንዴ ከተናገረ በሬ ጠምደው ቢስቡትም አይነቃነቅም። ደግሞም አልፈራችም፤ ልጇ ማንበብ ትችላለች። ናዝራዊትን ለአያቷ ትታ ምስጢርን ይዛ ወረደች።

ርዕሰ መምህሩ ጌትነት ይባላል፤ ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። በሩ ላይ ወላጅ ተሰልፏል። ምስጢርን ከጠረጴዛው ፊት አቁሞ አንድ ገጽ ጽሑፍ አቀረበላት። ልጅቱ ወረቀቱን አየችና ዞር አደረገችው። ሰውየው መልሶ አዞረው። እሷም እንደገና አዞረችው።

«ወረቀት ይዛ አታውቅም እንዴ?» አለ፤ አሁን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘው። «በይ አንብቢ።»

ምስጢር ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አንድ ፊደል አለች፤ ተሳሳተች። ሌላ ሞከረች፤ ተሳሳተች። ከዚያ በኋላ ምላሷ ታሰረ። ሽታዬ ከኋላዋ ሆና እጇን በነጠላዋ ውስጥ ጨመቀች። ሰውየው መዝገቡን ከፈተ።

«አንደኛ ክፍል ትግባ። አይክፋሽ እህቴ፣ ፊደል አልለየችም።»

ከግቢው ወጥተው አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ሽታዬ ልጇን አቆመቻት።

«ምነው አፍሽ ተለጎመ? እንዲህ ልታዋርጂኝ ነው?»

«ገልብጠው ሰጡኝ እኮ» አለች ምስጢር እያለቀሰች። «ሳስተካክለው መልሰው ገለበጡት።»

ሽታዬ መጀመሪያ የተናደደችው በሰውየው ነው። ድሃ ስለሆንን ሊያላግጥብን ነው ብላ ደሟ ፈላ። መጽሐፉን ከዘንቢሏ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻትና «በይ እዚህ አንብቢልኝ» አለቻት። ምስጢር መጽሐፉን ተቀበለች፤ ቁልቁል ዘቅዝቃ ያዘችው፤ እንደ ውኃ ታንቆረቁረው ጀመር።

ሽታዬ ቆማ አየቻት። የተዘቀዘቀውን መጽሐፍ አየች፣ ሳትደናቀፍ የምታነበውን ልጇን አየች፤ ነገሩ እስኪገባት ጥቂት ቆየ። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፉ በእሷ ጉልበት ላይ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ልጅቱ ከፊት ለፊት ተቀምጣ ፊደልን ሁሉ በጭንቅላቱ ቆሞ ተማረችው። አመዱ ላይም ያየችውን እንዳየችው ትጽፋለች፤ ለልጅቱ የተዘቀዘቀው ከመደቡ ላይ ለምታየው እናት ቀጥ ብሎ ይታያል። «ሸጋ ነው» እያለች ስታጸድቅላት የኖረችው ይህንኑ ነበር።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አፈረች፤ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም። ጎረቤቶቿ ፈገግ ያሉበት ነገር ይኸው ደረሰ። ቀጥሎም ሳቅ አመለጣት፤ ልጅቱ እያለቀሰች እናቷ ስትስቅ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያቸው። ሳቁ ሲያልፍ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ሰልፉን ጥሳ ተመልሳ ገባች።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችና ሁሉን ነገረችው። ልጅቱም ወረቀቱን ዘቅዝቃ አነበበችለት። ጌትነት እስከ መጨረሻው ሰማት። ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም።

«እውነትሽን ነው፤ ታነባለች» አለ። «ግን እህቴ፣ መጽሐፉን ብታዞር ሰሌዳው አይገለበጥም። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ልጅ ነው ያለው። ለእሷ ብቻ ዘቅዝቆ የሚጽፍ መምህር ከየት አመጣለሁ?»

«ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ጳጉሜን አምስት።»

ያን ዕለት ነሐሴ ሃያ ስድስት ነበር። ሽታዬ በጣቷ ቆጠረች። «ዘጠኝ ቀን አለኝ» አለች። «ጳጉሜን አምስት ጠዋት ፊትዎ ነኝ።»

ማታ እስከዳር ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ድሮ ብዙ ተማሪ አንድ ዳዊት ከብቦ በሚማርበት ዘመን፣ በተቃራኒው በኩል ተቀምጠው የተማሩ አንድ ቄስ እንደነበሩ ከአያቷ ሰምታለች። ቄሱ ዳዊታቸውን ሳይዘቀዝቁ ማንበብ ሳይችሉ ሞቱ አለች።

«እኒያ ቄስ የሚያቃናቸው አላገኙም» አለች ሽታዬ።

«አንደኛ ብትገባ ምን አለበት? ወንድሜን እኔ እለምነዋለሁ።»

«ወንድምሽን ለምነሽ አንድ ቀን እሺ ያለሽ እንደሆነ ንገሪኝ።»

እስከዳር አስባ አስባ ራት ልታቀርብ ተነሣች።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ሽታዬ ልጇን ከጎኗ አስቀመጠች፤ ነውር ነው የሚለውን ደንብ ደጋ ላይ ትታው መጥታለች። መጽሐፉን በትክክል ዘርግታ ሰጠቻት። የልጅቱ እጅ ግን ከእሷ ፈቃድ ውጭ ነበር፤ እናቷ ለአፍታ ዓይኗን ስታነሣ መጽሐፉ ዞሮ ይገኛል። ሽታዬ ተቆጣች፣ ለመነች፣ እጇን ያዘች። ግማሽ ቀን እንዲሁ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሳሙና ሊገዙ ወጡ፤ መንገድ ዳር አንድ መድኃኒት ቤት በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ሰቅሏል። ሽታዬ ቀና ብላ አየችው።

«እስቲ ይህን አዙሪው» አለቻት ልጇን።

ምስጢር ጽሑፉን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መሀል አሾልካ አነበበችው። «መ-ድ-ኃ-ኒ-ት ቤት» አለች። የባጃጅ ሾፌሮች በሳቅ ፈረሱ። ሽታዬም መሳቅ አምሯት ነበር፤ ዋጠችው።

«ጎንበስ ማለት የለም። አንገት ማዘንበልም የለም። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መማሪያው የፀዳ መንገድ ሆነ። ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ፣ የጥርስ ሕክምና። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ከአንዱ በረንዳ ይጠለሉና የተጠለሉበትን ያነባሉ። ፎቶ ቤት የሚለውን ለመለየት እንቁላል የሚቀቀልበትን ያህል ጊዜ ፈጀ። አንዳንዱ ባለሱቅ ለማኝ መስለውት «እግዜር ይስጣችሁ» አላቸው። ነጃት የምትባለው የሠፈሩ ባለሱቅ ግን ጉዳዩን ጠይቃ ተረዳች፤ ልጅቱን ከባንኮኒው ፊት አቆመቻት። መደርደሪያው ላይ ሻማው፣ ጨዉ፣ ሳሙናው፣ ዱቄቱ ተደርድሯል።

«ሳትነኪ ያነበብሽው አንድ ዕቃ፣ አንድ ከረሜላ» አለቻት። «ከነካሽ ግን ከረሜላዬን ትመልሻለሽ።»

ምስጢር በመጀመሪያው ቀን ያገኘችው አንድ ከረሜላ ነበር፤ እሱም ከ«ጨው» ነው።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ እምቢ አለች። እስከዳር ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። በሁለቱም በኩል ጠፍቶባት ነበር፤ የዱሮውም ተደበላለቀ፣ አዲሱም አልያዘ። «አልችልም። በቃ ቤታችን እንሂድ። ከበጎቹ ጋር እውላለሁ» አለች።

ሽታዬ መቆጣት ጀመረች፤ አፏ ላይ የደረሰውን ግን መለሰችው። ይህች ልጅ ምን አጠፋች? እንደ ተነገራት ተቀመጠች፣ እንደ ተጠቆመላት አነበበች። ሄዳ መጽሐፉን አመጣች፤ ዘቅዝቃም በራሷ ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

«አንቺ ያየሽውን እኔም ልየው» አለች። «አርሚኝ።»

ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል መልኩ ጠፋባት። ሁለተኛውን በግምት አለችው፤ አልነበረም። ሦስት ቃል ለማንበብ ላብ በግንባሯ ወረደ። አራተኛው ላይ ሙሉ በሙሉ ሌላ ቃል ስትጠራ ምስጢር ቀና አለች፤ «ኧረ እማዬ፣ እንዲያ አይልም» አለች፤ ሳቋም መጣ። ፀዳ ከገቡ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽታዬ ያኔ የልጇ ድካም ምን እንደሚመስል በራሷ ላይ አየችው።

«እንግዲያው እንወራረድ» አለች። «እኔ ባንቺ በኩል እማራለሁ፤ አንቺ በእኔ በኩል ተማሪ። ቀድሞ አንድ ገጽ የጨረሰ ያሸንፋል። የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እልህ ሆነ። አንዱን ገጽ ልጅቱ ቀጥ አድርጋ፣ እናቲቱ ዘቅዝቃ፣ በተራ ያነባሉ። እስከዳር ከሥራ ስትመለስ አንዷ ትክክል፣ አንዷ ግልብጥ ይዘው ሲሻሙ ታገኛቸዋለች፤ «ሁለታችሁም ለይቶላችኋል» እያለች ራቷን ትሠራለች። በሰባተኛው ቀን ሽታዬ ልጇን በታክሲ ወደ ከተማው መሀል፣ አራዳ ወሰደቻት። ከአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው እስኪወጡ ልብስ ቤቱን፣ ወርቅ ቤቱን፣ ምግብ ቤቱን፣ የጠበቃ ቢሮውን፣ እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ አነበበች። አንገቷ አልዞረም። ሁለት ቦታ ተሳሳተች፤ አንዱን ራሷ መለሰችው። በስምንተኛው ቀን ነጃት «ኧረ በቃሽ፣ ሱቄን ልትዘጊው ነው» ብላ የከረሜላውን ብልቃጥ ከባንኮኒው ሥር ደበቀችው። ሽታዬ እስከዚያ ቀን ዕቃ አጣቢ ሆና ነው የከረመችው፤ እንዲህ ደስ እያላት ዕቃ አጥባ አታውቅም።

ጳጉሜን አምስት ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ሲያያቸው ወዲያው አወቃቸው። ወረቀት አልሰጣትም። ወደ ባዶ ክፍል ይዟቸው ሄደና ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ጻፈ። ምስጢር ከኋለኛው ወንበር አጠገብ ቆመች፤ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ አንዱን በአንዱ ያዘች። ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች፣ ሄደች። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ገታት። ሽታዬ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ከንፈሯ ላይ ደርሷል፤ ግን ጥርሷን ነከሰች። ልጅቱ ተመልሳ ከመጀመሪያው ፊደል ተነሣች፣ ያዘችው፣ አለፈች፣ ጨረሰች። ከዚያ ሰውየው ማባዛት ጠየቃት። ምስጢር ሰባት በግ ስንት እግር እንዳለው ለመናገር ሰሌዳም ጣትም አላስፈለጋትም። ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ሁለት ጥያቄ ጨመረ፤ መለሰች። በመጨረሻ ጠመኔውን ሰጣትና ስሟን እንድትጽፍ አዘዛት። ፊደሎቹ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ ሁሉም ግን በእግራቸው ቆመዋል።

ሰውየው ጠመኔውን ተቀብሏት ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ተከተሉት። ተቀምጦ ቅጽ አወጣ።

«ሦስተኛ ክፍል» አለ። «እስከ ግማሽ ዓመቱ እናያታለን። ከወደቀች ዝቅ ትላለች፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው።»

«አትወድቅም» አለች ሽታዬ። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ምስጢር የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ይዛ ነበር። ነገ እናቷ ወደ ደጋ እንደምትመለስ፣ እሷ ፀዳ እንደምትቀር አሁን ገና እውን ሆኖባታል። ሽታዬም ይህንኑ እያሰበች ነበር። ቤት ናዝራዊት አለች፤ ባቄላ መብላት የሚበቃት ጊዜ ደርሷል።

ጌትነት አንገቱን ደፍቶ ቅጹን ይሞላል። ስም፣ ዕድሜ፣ የአሳዳጊ ስም። ሽታዬ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ የብዕሩን ጫፍ ትከተላለች። «ቀድሞ የተማረችበት» ከሚለው መስመር ሲደርስ «አልተማረችም» ብሎ ጻፈ።

«መምህር፣ እሱን ይሰርዙልኝ።»

«የቱን?»

«አልተማረችም ያሉትን።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ ወደ እሱ የዞረ ነው። እሷን አየ። እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ከዚያ ሆነሽ አነበብሽው?»

«አነበብሁት። ተምራለች፤ ቤቷ ነው የተማረችው። እንዲያ ብለው ይጻፉልኝ።»

ጌትነት የጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ «በቤቷ» ብሎ ጻፈ። ብዕሩ ወደሚቀጥለው ክፍት ቦታ ወረደ።

«የመምህሯ ስም ይላል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት። «ማን ልበልልዎ?»

«ሽታዬ አስናቀው» አለች፤ ጽፎ እስኪጨርስም ዓይኗን ከብዕሩ ላይ አላነሣችም።